ሦስት እጥፍ ወይስ አምስት እጥፍ?

እሁድ ረፋድ ነው። የመሥሪያ ቤታችን መመገቢያ አዳራሽ ወንበሩ አልበቃ ብሎ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የመጣነው ለቁጠባና ብድር ማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። በር ላይ ዳቦና ሻይ አለ። ለትራንስፖርት ተብሎ ትንሽ አበልም ይሰጣል። ያን ቀን ግን ሰው የጎረፈው ለአበሉ አልነበረም። ያመጣው አጀንዳ ቁጥር 4 ነው፤ የብድር ጣሪያውን ከቁጠባ ሦስት እጥፍ ወደ አምስት እጥፍ ማሳደግ። ዘመኑ 2011 ዓ.ም. ነው።

ውይይቱ አሥር ደቂቃም አልፈጀ። አንዱ ተነስቶ «ኑሮው የሚታወቅ ነው» አለ። ሌላዋ ቀጠለች፦ «የገዛ ገንዘባችንን መልሰን ብንበደር ማን ምን ይላል?» ሳቅና ጭብጨባ ሆነ። የሚደግፍ እጁን ያውጣ ሲባል አዳራሹ ጫካ መሰለ። እኔም አወጣሁ። የታናሽ ወንድሜ ሠርግ ደርሶ ነበር።

ከጥገና ክፍል አንድ ሰው አሉ። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመት ነበር የቀራቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

«ምነው ጋሼ፣ አልደገፉም?» አልኳቸው ሻይ ስንጠጣ።

«እኔ ተበድሬ አላውቅም ልጄ» አሉኝ። «እናንተ የገዛ ገንዘባችን የምትሉት የእኔን ነው።»

ሳቅኩ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ስለ ማኅበራችን ትንሽ ልበል። ብዙዎቻችሁ ሳኮ እያላችሁ ነው የምትጠሩት። ሠራተኛው ሲመዘገብ ዕጣ ይገዛል፤ ከዚያ በየወሩ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይቆጥባል። የተወሰነ ጊዜ ከቆጠበ መበደር ይችላል። የመቶ ሰው ያህል ዕጣ ቢኖረው ድምፁ አንድ ነው። ዓመቱ ሲዘጋ ትርፍ ከተገኘ ይከፋፈላል። በአገራችን ይህን መንገድ የጀመሩት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ናቸው፤ በአውሮፓውያኑ 1964። ዛሬ ከትልልቅ መሥሪያ ቤት እስከ ገጠር ቀበሌ የማይገኝበት የለም።

ሰው ከዕቁብ ጋር ያምታታዋል። ዕቁብ ዙሩ ሲያልቅ ያልቃል። የበላም ያልበላም በአንድ ቀን ሒሳቡ ይዘጋል፤ ካልተስማማችሁ በሚቀጥለው ዙር ዳኛውን ትቀይራላችሁ። ሳኮ ግን አይበተንም። ዛሬ አጨብጭበን ያሳለፍነው ውሳኔ ገና ያልተቀጠረ ልጅ ቁጠባ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ከዳኛ ይልቅ ደንብ ይፈልጋል።

በዓመቱ ጉባኤ ላይ አርፍጄ ደረስኩ። አርፍዶ የመጣ ሰው ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ። መርጠው ጠበቁኝ። «የብድር ኮሚቴ ገብተሻል፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ ሰብሳቢው እየሳቀ። እንዲህ ነው ነገሩ የተጀመረው። ሦስት ሰው ነበርን። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ እንቀመጣለን። ጠረጴዛው ላይ የብድር ማመልከቻ ይቆለላል። ከፊታችን ካልኩሌተርና የቀዘቀዘ ሻይ።

ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ሐሙስ ላይ ይመስለኛል፣ ካልኩሌተሩ የጋሼን ነገር ያስታወሰኝ።

አንድ ሰው 20 ሺህ ብር ቆጥቧል እንበል። በሦስት እጥፍ 60 ሺህ ይበደራል። ከዚህ ውስጥ 20 ሺሁ የራሱ ነው፤ ቢጠፋ ቁጠባው ይያዛል። የሌላ ሰው ገንዘብ 40 ሺህ ነው። በአምስት እጥፍ ደግሞ 100 ሺህ ይወስዳል። የራሱ አሁንም 20 ሺህ ነው። የሌላው 80 ሺህ ሆነ። ተበዳሪው «ብድሬ ከ60 ወደ 100 አደገ» ይላል። ከጀርባ ያለው ቆጣቢ ግን አደጋው እጥፍ ሆኖበታል። አዳራሹ ውስጥ ይህን ያሰላ አልነበረም። ጋሼም በካልኩሌተር አላሰሉትም፤ ገብቷቸው ነው።

ሌላም ነገር አለ። መቶ ሰው እያንዳንዱ 20 ሺህ ቢቆጥብ ሳጥኑ ውስጥ 2 ሚሊዮን ብር አለ። በሦስት እጥፍ ሠላሳ ሦስት ሰው ይበደራል። በአምስት እጥፍ ሃያ ሰው ሳጥኑን ጠርጎ ይወስደዋል። የቀረው ሰማንያ ሰው ምን ያደርጋል? ወረፋ ይይዛል።

ወረፋው መጀመሪያ ሁለት ወር ነበር። ቀጥሎ አምስት። አንድ ጊዜ ስምንት ወር ደርሷል። ሰው የማያስፈልገውን ብድር መውሰድ ጀመረ። «ተራዬ ደርሷል፤ ዛሬ ካልወሰድኩ መቼ አገኛለሁ?» ይላል። ወስዶም ቤት ያስቀምጠዋል፣ ወይ ለሌላ ሰው ያበድረዋል። በእንዲህ ያለ ወረፋ ደግሞ ሰው ማወቅ ሥራ ይሆናል። ስልኬ ላይ የማላውቃቸው ቁጥሮች መደወል ጀመሩ። አንድ ሰው ቤታችን ድረስ ሙዝና ብርቱካን ይዞ መጥቷል። እናቴ «ደግ ጓደኛ አለሽ» አለችኝ። ሰውዬውን በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት።

ታዲያ ማኅበሩ በእነዚያ ሁለት ዓመታት እንዴት ነበረ? አሪፍ ነበር! በ2012 ትርፋችን ዘለለ። በ2013 ደግሞ ይበልጥ። የትርፍ ክፍፍሉ ሲነገር አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። ሰብሳቢያችን «ደፍረን በመወሰናችን ነው» አለ። ያኔ ተቃውሞ ቢነሳ ማንም አይሰማም ነበር።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። አዲስ ብድር አይታመምም። የሚያበድር ተቋም ብድሩን በአንድ ጊዜ ካሳደገ የወለድ ገቢው ወዲያው ይታያል፤ የማይከፍለው ሰው ግን ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው የሚታየው። መጀመሪያ ወሮቹን ሁሉም ይከፍላል። የመዘግየቱን መጠን ለማወቅ ያልተከፈለውን ለጠቅላላው ብድር ስታካፍሉት፣ ታችኛው ቁጥር በአዲስ ብድር እየተነፋ ስለሆነ መቶኛው ትንሽ ሆኖ ይቀመጣል። ትርፍ ስላየን ደንቡ ጥሩ ነው አልን። ያየነው ግን የአዝመራውን ቡቃያ እንጂ ምርቱን አልነበረም።

አሁን ወደ ዋስ ጉዳይ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ደንባችን ሁለት ዋስ ይላል። ዋሱ አባል መሆን አለበት። በቃ፣ ሌላ ዝርዝር የለውም። አንድ ሐሙስ ማመልከቻዎቹን ስንመረምር ተመሳሳይ ስሞች ቦታ እየተቀያየሩ መምጣታቸው ከነከነኝ። አሮጌ የግድግዳ ካላንደር ገልብጬ ስሞቹን ጻፍኩ፤ ማን ለማን ዋስ እንደሆነ በቀስት አገናኘሁ። ከአንድ ክፍል ሰባት ሰዎች ክብ ሠርተው ተገኙ። አንደኛው ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው፣ እያለ ሄዶ ሰባተኛው ለመጀመሪያው። ሰባት ሰው የተደጋገፈበት ገመድ ነው፤ አንዱ ሲወድቅ የሚይዘው ሌላ ሰው የለም፣ ሁሉም ቀድሞ የራሱን ዕዳ ተሸክሟል።

አንዱ ወደቀ። ለስልጠና ብሎ ወደ ውጭ ወጣ፣ አልተመለሰም። አልፈርድበትም፤ ብዙ ሰው እንዲህ አድርጓል። ዋሶቹን ጠራናቸው። ሁለቱም ዕዳ አለባቸው። በዚያ ላይ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) ከአንድ ሠራተኛ ደመወዝ የሚቆረጠው በጠቅላላ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም ይላል። የራሳቸው ተቀናሽ አንድ ሦስተኛውን ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ወረቀቱ ላይ ሁለት ዋስ አለ። የሚቆረጥ ደመወዝ ግን የለም።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። ከጽዳት ክፍል አንዲት እናት ነበሩ። የክፍሉ ኃላፊ ሲበደር ዋስ ሆነውለታል። ኃላፊው ሥራ ለቅቆ ጠፋ። እትዬን ቢሮ ጠርተን ስንነግራቸው ዝም ብለው ሰሙን። ከዚያ «እሱ ፈርሚ ሲለኝ እምቢ ማለት እችል ነበር ወይ?» አሉ። ማናችንም መልስ አልነበረንም። ፊርማው ትክክል ነው። ደንቡም አልተጣሰም። ግን የበላይ ሲጠይቅ የበታች የሚሰጠው ፊርማ ዋስትና ነው ወይስ ግብር? ያን ምሽት ቤት ስገባ ራት አልበላሁም።

እንዳላጋንን፣ የጠፉት ሰዎች ብዙ አልነበሩም። ብዙው ያልከፈለው ሰው እዚያው ግቢ ውስጥ ያለ፣ ጠዋት ጠዋት ሰላም የምንለው ሰው ነው። «በሚቀጥለው ወር» ይላል። እኛም እሺ እንላለን። ልጁ ታሞ ሊሆን ይችላል፤ እናቱ አርፋ ሊሆን ይችላል። እንዴት ብለሽ ደብዳቤ ትጽፊለታለሽ? የደንብ ትልቁ ጥቅም እዚህ ጋ ነው የገባኝ። ደንብ ማመካኛ ይሆናል። «እኔ እኮ ብችል፣ ደንቡ ነው የማይፈቅደው» ማለት ትችላላችሁ። ደንባችን ስለ ዘገየ ክፍያ አንድ መስመር ብቻ ነበረው፦ «ኮሚቴው ተገቢውን እርምጃ ይወስዳል»። ተገቢው ምን እንደሆነ ስላልተጻፈ እርምጃውን የሚወስደው ይሉኝታ ሆነ።

2014 ላይ ኦዲተር መጣ። ወጣት ልጅ ነው፣ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ የሚሠራ። በሦስተኛው ቀን ጠየቀን፦ «ለአጠራጣሪ ብድር ስንት ያዛችሁ?» ላይመለስ ይችላል ተብሎ ለሚፈራ ብድር ከትርፍ ላይ ቀድመን ያስቀመጥነውን ማለቱ ነው።

ምንም። ዜሮ።

ልጁ ተቆጥቶ አላየነውም። ወረቀት አውጥቶ አሳየን። በዓለም ላይ ያሉ የቁጠባና ብድር ማኅበራት ምክር ቤት ፐርልስ የሚባል መለኪያ አለው። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር፣ ጓቲማላ ውስጥ ያሉ ማኅበራትን ለማጠናከር ሲሠራ ነው የወጣው። ከአንድ ዓመት በላይ ያልተከፈለ ብድር ካለ ሙሉውን፣ መቶ በመቶ፣ ከትርፍ ላይ ያዙ ይላል። ከወር እስከ ዓመት የዘገየ ከሆነ ደግሞ 35 በመቶ። የዘገየው ብድር በጠቅላላ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥም ይመክራል።

የእኛን ትክክለኛ ቁጥር እዚህ አላወጣም። በምሳሌ ግን እንዲህ ነው። አንድ ማኅበር 900 ሺህ ብር አተረፍኩ ብሎ ያውጃል። ከዓመት በላይ ያልተከፈለ 1 ሚሊዮን ብር አለው፤ ከዓመት በታች የዘገየ ደግሞ 600 ሺህ። በመለኪያው መሠረት 1 ሚሊዮንና 210 ሺህ ብር መያዝ ነበረበት። ስለዚህ አላተረፈም፤ 310 ሺህ ከስሯል። ያ እልል የተባለለት የትርፍ ክፍፍል ከየት መጣ ታዲያ? ከቆጣቢዎቹ ገንዘብ ላይ ተቆንጥሮ ነዋ። ለጋሼ በ2013 የተሰጣቸው የትርፍ ድርሻ የራሳቸው ገንዘብ ነበር።

የዚያ ዓመት ጉባኤ ጦርነት ነበር። ክፍፍል የለም ሲባል ሰው ተነሳ። «ኮሚቴው በላው» ያሉም ነበሩ። እኔን እያዩ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሕግ ከተጣራ ትርፍ 30 በመቶ ለመጠባበቂያ እንዲቀመጥ ሲያዝ የኖረ ነው፤ በ147/1991 አዋጅ ላይ መጠባበቂያው የካፒታሉ 30 በመቶ እስኪሞላ ይቀጥል ይላል። እኛ ያን 30 በመቶ አንስተን የቀረውን በደስታ ስንከፋፈል ሕጉን ያከበርን መስሎን ነበር። ግን 30 በመቶ የምናነሳው ከተነፋ ቁጥር ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጀርመናዊ ትዝ ይለኛል። ራይፋይዘን ይባላል። የትንሽ ከተማ ከንቲባ ነበር። መጀመሪያ ድሃ ገበሬዎችን የረዳው ከሀብታሞች ገንዘብ አሰባስቦ ነው። የሀብታሞቹ ደግነት ግን ብዙ አልዘለቀም። ቆይቶ በአውሮፓውያኑ 1864 ሄደስዶርፍ ላይ ባቋቋመው ማኅበር ተበዳሪዎቹ ራሳቸው አባል እንዲሆኑ፣ ለዕዳውም አንድ ላይ እንዲጠየቁ አደረገ። ትርፍ መከፋፈልን አጥብቆ ይቃወም ነበር። የተረፈው ሁሉ ማንም ወደማይከፋፈለው የጋራ መጠባበቂያ ይግባ ባይ ነው። እኛ አዳራሽ መጥቶ ይህን ቢናገር ዳቦውን ሳይበላ ያስወጡት ነበር።

ከእሱ ጋር በሁሉም አልስማማም። ክፍፍል የማያይ አባል ዕጣ አይጨምርም። ቢሆንም ሰውዬው አንድ ነገር አይቷል። በባንክ ውስጥ ባለቤቱ ሌላ፣ ቆጣቢው ሌላ፣ ተበዳሪው ሌላ ነው። ፍላጎታቸው ሲጋጭ ይታያል። በእኛ ማኅበር ሦስቱም አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሰውዬው ጠዋት ባለዕጣ ሆኖ ክፍፍል ይፈልጋል፤ ከሰዓት ቆጣቢ ሆኖ ወለድ ይፈልጋል፤ ማታ ተበዳሪ ሆኖ ወለድ ቀንሱልኝ ይላል። ሦስቱንም ልስጥ የሚል ኮሚቴ የሚሰጠው የነገን ነው።

ሁሉም ሰው ሦስቱንም እኩል አይደለም ደግሞ። ወጣቱ ሠራተኛ ከቆጠበው ይልቅ የሚበደረው ይበልጣል። እንደ ጋሼ ያለው የሚቆጥበው ይበልጣል። ደንቡ የሚያዘነብለው ብዙ እጅ ወዳለበት ነው። እኛ ጋ ተበዳሪው ይበዛል፤ ስለዚህ ጣሪያው ከፍ፣ ወለዱ ዝቅ፣ ዋሱ ላላ አለ። አንድን ሳኮ ሳታውቁ ውስጡን ማየት ከፈለጋችሁ የሒሳብ መግለጫውን ከማገላበጣችሁ በፊት የብድር መመሪያውን አንብቡ። ማን እዚያ ቤት ጌታ እንደሆነ ይነግራችኋል።

የዋጋ ንረቱ ደግሞ ሁሉንም ሰው ተበዳሪ አደረገው። ብሔራዊ ባንክ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አድርጎታል። እኛም ለቁጠባ የምንከፍለው እዚያው አካባቢ ነበር። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነው። ቁጠባችሁ በዓመት 7 እያደገ ዕቃው 30 ሲወደድ፣ ቆጣቢ መሆን ቅጣት ነው። መበደር ደግሞ ሽልማት። ዛሬ 100 ሺህ ወስዶ ብሎኬትና ሲሚንቶ የገዛ ሰው ከዓመት በኋላ ይስቃል። የሚስቀው በማን ላይ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

በ2015 መመሪያውን ለማሻሻል ተቀመጥን። አንዳንዱ ነገር ቀላል ነበር። የበታች ሠራተኛ ለአለቃው ዋስ እንዳይሆን ከለከልን። ለእትዬ አልደረሰላቸውም። ክብ የሚሠራ ዋስትና ተከለከለ። በሦስተኛው ወር ያልከፈለ ሰው ኮሚቴውን ሳይጠብቅ ደብዳቤ ይደርሰዋል ተባለ። ጣሪያው ወደ ሦስት እጥፍ ተመለሰ። ጉባኤው እንዴት እንዳጸደቀው እኔም ገርሞኛል፤ የዜሮው ክፍፍል ቁጣ ሳይበርድ ስላቀረብነው ይመስለኛል።

ያልጠበቅኩት ለውጥ የመጣው ከወለዱ ነው። ቀድሞ ወለድ የምናስበው በፍላት ነበር፤ ዋናውን ዕዳ ከፍለህ ብታጋምሰውም ወለዱ በመጀመሪያው ብድር ላይ ይታሰባል። 100 ሺህ ብር በ12 በመቶ ለሦስት ዓመት ብትወስዱ ወለዱ 36 ሺህ ነው። እየቀነሰ በሚሄደው ዕዳ ላይ ቢታሰብ ግን በዚያው 12 በመቶ 20 ሺህ አይሞላም። በሌላ አነጋገር ፍላቱ 12 ይባል እንጂ ከ21 በመቶ በላይ ነው። አብዛኛው አባል ይህን አያውቅም ነበር። እኔም ኮሚቴ እስክገባ አላውቅም።

ወደ ሁለተኛው ዘዴ ስንቀየር ሒሳብ ሹሟ ጮኸች። «ገቢያችን ግማሽ ሊሆን ነው!» እውነቷን ነው፣ መቶኛውን ትንሽ ከፍ አድርገን እንኳ በአንድ ብድር ላይ የምናገኘው ቀነሰ። ግን ሌላ ነገር ተፈጠረ። በፍላት ጊዜ ቀድሞ የሚከፍል የለም፣ ምክንያቱም ምንም አያተርፍበትም። አሁን ቀድመህ ከከፈልክ ወለዱ ይቀንስልሃል። ሰው ቦነሱን ይዞ መምጣት ጀመረ። ዕቁብ የደረሰው ሁሉ መጥቶ ዕዳውን ያጋምሳል። ገንዘቡ ቶሎ ስለሚመለስ ቶሎ ለሌላ ሰው ይወጣል። ወረፋው አጠረ። ሙዝና ብርቱካኑም ቀረ፤ እናቴ «ጓደኛሽ ጠፋ» አለች።

ስህተቴን ሳልናገር ባልፍ ግን ውሸታም እሆናለሁ። ከተነደፍን በኋላ አበዛሁት። ዋሶች ከተለያየ ክፍል ይሁኑ አልኩ። ለመበደር የሚያስፈልገው የቁጠባ ጊዜ ከስድስት ወር ወደ ዓመት ይራዘም አልኩ። ከድንገተኛ ሕመምና ሐዘን በቀር ትንሽ ብድር አይሰጥ አልኩ። ጸደቀ። በስድስት ወር ውስጥ ብድር ጠያቂ ነጠፈ። ገንዘባችን ባንክ ሄዶ ተቀመጠ። ባንኩ 7 በመቶ ይሰጠናል፤ እኛ ደግሞ ቆጣቢው እንዳይሸሽ ወደ 8 ከፍ አድርገን እንከፍላለን። አንድም ሰው ሳይክደን፣ አንድም ብር ሳይጠፋ፣ በየወሩ እንከስር ነበር። ያ ፐርልስ የሚባለው መለኪያ ከጠቅላላው ሀብት ከ70 እስከ 80 በመቶው በብድር ላይ ይሁን የሚለው ለካ ለዚህ ነው። ኦዲተሩ ሲያሳየን ያነበብኩት የሚያስፈራውን ክፍል ብቻ ነበር።

ያዳነን ሌላ ሰው የወሰነው ውሳኔ ነው። ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ። ባንክ ደጅ የጠኑ አባሎቻችን ተመልሰው እኛን አስታወሱ። እኔም የዓመቱን ነገር ወደ ስድስት ወር መልሱልኝ ብዬ ራሴ አጀንዳ አስያዝኩ። አንድ ሰው «ሴትዮዋ ሐሳቧን ቀየረች እንዴ?» ሲል ሰምቻለሁ። አዎ፣ ቀየርኩ።

የመጀመሪያው ዓመት ትርፍ ትንሽ ነበር። ሁለተኛው ሻል አለ። በ2013 ላይ የደረሰበት ቁጥር ላይ እስካሁን አልደረስንም፤ ያ ቁጥር እውነት ስላልነበረ አያሳስበኝም። ከዚያ ይልቅ የማየው በየሦስት ወሩ የሚለጠፈውን አንድ መስመር ነው፤ የዘገየ ብድር። ድሮ ይህ ቁጥር በኮሚቴው ኮምፒውተር ውስጥ ነበር የሚኖረው። አሁን ካፌው በር ላይ፣ ከምሳው ዝርዝር አጠገብ ነው። ከሁሉም መመሪያ ይልቅ ይህ ይመስለኛል የሠራው። ምሳ ሊበላ የመጣ ሰው ያየዋል። ያልከፈለውም ያየዋል።

ጋሼ ጡረታ ወጡ። ቁጠባቸውን ሊወስዱ የመጡ ቀን ቢሮ ነበርኩ። ገንዘቡን ቆጥረው፣ ደግመው ቆጥረው፣ ኪሳቸው ከተቱ። «ተሟልቷል» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ያ ገንዘብ አዲስ ሳለ ስንት በግ ይገዛ ነበር፣ ዛሬ ስንት ይገዛል፣ አላነሱትም። እኔም አላነሳሁም።

የኮሚቴ ዘመኔ አለቀ። አሁን ተራ አባል ነኝ። ባለፈው ዓመት ጉባኤ ላይ አዲሶቹ ወጣቶች ሐሳብ አመጡ፤ ጣሪያው ወደ አራት እጥፍ ይነሳ። የዘገየ ብድር ዝቅ ብሏል፣ መጠባበቂያ አለን፣ ለምን አንነሳም ይላሉ። ክርክራቸው ከእኛ የ2011 ክርክር መቶ እጥፍ ይሻላል። ቁጥር ይዘው ነው የመጡት። አንዷ እንዲያውም የእኔን የካላንደር ቀስት በኮምፒውተር ሠርታ አሳየች፤ ክብ የለም። ሌላው ተነስቶ ተቃወመ፦ መጠባበቂያው ገና ትንሽ ነው፣ ሁለት ዓመት እንታገሥ አለ። እሱም ልክ ነው።

እኔ ደግሞ ኮንዶሚኒየሜ በርና መስኮት ይፈልጋል። በሦስት እጥፍ የማገኘው ለመስኮቱ አይበቃኝም። በአራት እጥፍ ይበቃል። ይህን ስሌት ቤት ሳልወጣ፣ ቡና እየጠጣሁ ሠርቼው ነበር የመጣሁት።

የሚደግፍ እጁን ያውጣ ተባለ። የሚቃወምም ተባለ። ሒሳብ ሹሟ ከመድረኩ ላይ ሆና አየችኝ፤ ሳቋን ያዘች። ቃለ ጉባኤው ካፌው በር ላይ ተለጥፏል። ድጋፍ 58፣ ተቃውሞ 61፣ ድምፀ ተአቅቦ 1 ይላል። አንዷ እኔ ነኝ።